ከእንጦጦ ጋራ እስከ አባታችን ጉድጓድ

ጉዞ ሲባል ብዙዎቻችን ሻንጣ መሸከምን፣ ቲኬት መቁረጥንና ከአገር አገር መሻገርን እናስባለን። በዚህ ወር የምናቀርብላችሁ ግን ሁለት ቀን ብቻ የፈጀ፣ ከየካ ክፍለ ከተማና ከእንጦጦ ጋራ ያልራቀ የእግር ጉዞ ነው። መንገዱ አጭር ቢሆንም የተነሣንበት ጉዳይ ለኛ ቀላል አልነበረም።

የጉዞው ምክንያት አንድ የውሃ ጉድጓድ ነው። እናታችን የሚኖሩት ከቀበና ወንዝ በላይ ባለው ዳገት ላይ ነው። በግቢያቸው ጥግ በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድ አለ። የቆፈሩት አባታችን ናቸው፤ አላህ ይዘንላቸው። ያኔ እኛ ጠዋት ቁርኣን ቤት፣ ከሰዓት በኋላ የመንግሥት ትምህርት ቤት የምንመላለስ ልጆች ነበርን። በሰፈሩ የቧንቧ ውሃ ብርቅ ስለነበር አባታችን ቁፋሮውን ሲያስጨርሱ ሙስሊም ክርስቲያን ሳይሉ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርተው፣ «ውሃው የሁላችንም ነው፤ የግቢው በር አይዘጋም» አሉ። ይህ ለርሳቸው ሰደቀቱል ጃሪያ ነበር፤ ማለትም ሰው ከሞተ በኋላም ምንዳው የማይቋረጥበት ምጽዋት። እናታችን ዛሬም ያንን በር አይዘጉትም።

ታናሽ ወንድማችን ከባለቤቱ ጋር እዚያው ግቢ ይኖራል። ሦስት ወር የሞላት ሴት ልጅ አለችው። የልጅቷ እናት ወደ ሥራ ስለተመለሰች ሕፃኗ ቀን ቀን የጣሳ ወተት ትጠባለች። አንድ ቅዳሜ ልንጠይቃቸው ስንሄድ ቧንቧው በፈረቃ ምክንያት ደርቆ፣ እናታችን ከጉድጓዱ ቀድተው፣ ውሃውን አፍልተው፣ ወተቱን በጡጦ ሲበጠብጡ አገኘናቸው። ፊታችን ሲለዋወጥ አዩና፦

«ምነው ልጄ፣ ምን ሆንክ?» አሉ።

«እማዬ፣ ይህ ውሃ ለሕፃን ይሆናል ብለው ነው?»

«ምን ይሆናል? አፍልቼዋለሁ። ደግሞ እይ፤ መልኩ አልተለወጠ፣ ጣዕሙ አልተለወጠ፣ ሽታው አልተለወጠ። መድረሳ ያስገባንህ ይህችን እንኳ እንድታውቅ አልነበረም?»

መልስ አጣን። የተናገሩት ሦስቱ ምልክቶች ኡስታዛችን በልጅነታችን ስለ ጦሃራ ሲያስተምሩን በጣት እያስቆጠሩ ያስያዙን ናቸው። ብዙ ውሃ ነጃሳ ቢገባበትም መልኩ፣ ጣዕሙ ወይም ሽታው እስካልተለወጠ ድረስ ንጹሕነቱ አይሻርም። ይህን በሌላ ትምህርት ልንሽረው አንችልም፤ አይገባንምም። ነገር ግን በሁለተኛው ትምህርት ቤት የተማርነው ኬሚስትሪ መልክ፣ ጣዕምና ሽታ የሌላቸው ጎጂ ነገሮች እንዳሉ ይነግረናል። እንግዲያው የእናታችን ጉድጓድ ውሃ ከየት መጣ? በመንገዱስ ምን ምን ነካው? ይህን ለማየት በትምህርት ቤት አብሮን ከሚያስተምር የኬሚስትሪ መምህር ወዳጃችን ጋር ውሃው ከሚነሣበት ለመጀመር ተስማማን።

ጢሱ የት ይሄዳል?

በኅዳር ወር አንድ ቀን ሱብሒን ሰግደን ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሽቅብ ወጣን። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ቤቶቹ እየሳሱ ሄደው ባሕር ዛፉ ሲጀምር አንዲት ትልቅ እናት ከቁመታቸው የሚበልጥ የጭራሮ እስር ተሸክመው ጎንበስ ብለው ሲወርዱ አገኘናቸው።

«እንደምን አደሩ እናቴ፤ በርቱ» አልናቸው።

«ይመስገን ልጆቼ፣ እናንተም በርቱ» ብለው ሸክማቸውን ከድንጋይ አስደግፈው ትንሽ አረፉ። ወዳጃችን ጨዋታ ወዳጅ ነውና፣ «እናቴ፣ ይህ ሁሉ እንጨት ሲነድ ጢሱ የት ይሄዳል?» ብሎ ጠየቃቸው። ሴትዮዋ በነገሩ ስቀው፣ «ወደ ሰማይ ነዋ! ጢስ ወዴት ይሄዳል ብለህ ነው?» አሉት።

ጥቂት ከፍ ካልን በኋላ ዘወር ብለን ከተማውን ስናይ ግን ጢሱ ወደ ሰማይ አልሄደም። ከየጣሪያው ቀጥ ብሎ ይነሣና አንድ ከፍታ ላይ ሲደርስ የማይታይ ጣራ እንደገታው ሁሉ ወደ ጎን ይነጠፋል። ከተማው ከግራጫ ብርድ ልብስ ሥር የተኛ ይመስላል። እኛ የቆምንበት ግን አየሩ የጠራ ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። በአዘቦቱ ከመሬት ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ እየቀዘቀዘ ይሄዳል። ሞቃት አየር ቀላል ስለሆነ ከሥር ይነሣል፤ ጢሱንም ይዞት ይወጣል። በበጋ ሌሊት፣ ሰማዩ ጥርት ባለና ነፋስ በሌለበት ጊዜ ግን መሬቱ ሙቀቱን ቶሎ ይለቃል። ከመሬቱ ጋር የተያያዘው አየር ይቀዘቅዛል፤ ከተራራው ጎን የቀዘቀዘውም አየር እንደ ውሃ ቁልቁል ወርዶ በከተማው ጎድጓዳ ቦታ ይጠራቀማል። ከላዩ ያለው አየር ሞቅ ያለ ስለሚሆን እንደ ክዳን ይገጥመዋል። ቀዝቃዛው ከባድ ነውና አይነሣም፤ በውስጡ ያለው ጢስም እዚያው ይታፈናል። ፀሐይ መሬቱን አሙቃ ክዳኑን እስክትከፍተው ድረስ የእንጀራ ምጣዱም የከሰሉም የመኪናውም ጢስ በአንድ ዕቃ ውስጥ እንደተጨመረ ይቆያል። ከተማው ደግሞ ሥራና ትምህርት ቤት የሚሄደው በዚሁ ሰዓት ነው።

የዚህን ክዳን ጉዳት ዓለም በደንብ የተማረው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1952 በለንደን ነው። የድንጋይ ከሰል ጢስ ለ5 ቀናት ከተማይቱ ላይ ተዘግቶ ቆየ፤ በጊዜው በተደረገው ግምት ብቻ 4,000 ያህል ሰዎች ሞቱ። የኛ ጢስ የእንጨትና የነዳጅ ይሁን እንጂ የአየሩ ሕግ አንድ ነው።

ከጢሱ ውስጥ ዓይን የሚያቃጥለው ክፍል ከሁሉ የከፋው አይደለም። ዓይን የማያየው ብናኝ ይብሳል። ስፋቱ ከ2.5 ማይክሮ ሜትር የማይበልጥ ብናኝ ከአንድ የጠጉር ዘለላ ከ20 ጊዜ በላይ የቀጠነ ነው። አፍንጫም ጉሮሮም አያስቀረውም፤ ሳንባ ጥልቅ ድረስ ይዘልቃል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ የዚህ ብናኝ የዓመት አማካይ መጠን በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ5 ማይክሮ ግራም እንዳይበልጥ መክሯል። ከሰል በተዘጋ ክፍል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ መልክም ጣዕምም ሽታም የለውም፤ በብርድ ሌሊት ተኝተው ሳይነሡ የቀሩ ቤተሰቦች የሚሞቱት በርሱ ነው። ወዳጃችን ይህን ሲናገር የእናታችን ሦስት ምልክቶች ትዝ አሉን።

የወጣ ሁሉ ይወርዳል

ብናኙ አየር ላይ ለዘለዓለም አይቆይም። ከፊሉ በክብደቱ ይረግፋል፤ ከፊሉን ዝናብ አጥቦ ያወርደዋል። ስለዚህ የአየር ብክለት ጥቂት ቆይቶ የአፈር ብክለት ይሆናል። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ እርሳስ ነው። እርሳስ ስንል የተማሪ መጻፊያውን ሳይሆን ብረቱን ነው። ለብዙ አሥርተ ዓመታት የመኪና ሞተር እንዳያንኳኳ ተብሎ ቤንዚን ውስጥ ይጨመር ነበር። ከሰሐራ በታች ያሉ የአፍሪካ አገሮች እ.ኤ.አ. በ2006 መጀመሪያ ላይ ተዉት፤ በዓለም የመጨረሻዋ አልጄሪያም በ2021 አቆመች። ከቤንዚኑ ቢወጣም ቀድሞ ከመኪና ጭስ ጋር ወጥቶ መንገድ ዳር የረገፈው እርሳስ ግን አልጠፋም። ቅጠል ይበሰብሳል፣ ዘይት ቀስ በቀስ በጥቃቅን ተሕዋስያን ይበላል፤ እርሳስ ግን ራሱ ንጥረ ነገር ነውና ወደ ሌላ አይፈርስም። አፈሩ ካልተነሣ ወይም ካልታጠበ ከአፈሩ ጋር ይኖራል። ሕፃን በዳዴ ሲሄድ በእጁ፣ ሰላጣ መንገድ ዳር ሲበቅል በቅጠሉ አቧራ ላይ ሆኖ ወደ አፍ ይመለሳል። ጉዳቱም በተለይ በልጆች አእምሮ ዕድገት ላይ ነው።

እንዲህ እየተጨዋወትን ጫፍ ደረስን። የእንጦጦ ጋራ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። ዳግማዊ ምኒልክ ወደ ፍል ውሃው ከመውረዳቸው፣ አዲስ አበባም እ.ኤ.አ. በ1886 ከመቆርቆሯ በፊት ከተማቸው እዚህ ነበር። ለማገዶና ለቤት መሥሪያ አገር በቀሉ ዛፍ ስላለቀ በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ግድም ባሕር ዛፍ ከውጭ መጥቶ ተተከለ፤ ዛሬ ተራራውን የሸፈነው የርሱ ዘር ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክም በዚሁ ደን መካከል ነው።

እኛን ያቆመን ግን ሌላ ነገር ነው። ይህ ጋራ የሁለት ታላላቅ ወንዞች ድንበር ነው። ከጫፉ በስተሰሜን የወደቀ የዝናብ ጠብታ ወደ ሱሉልታ ሜዳ ወርዶ፣ ሙገርን ይዞ ዓባይ ይገባና ወደ ሱዳንና ግብፅ ይጓዛል። ከእርሱ ጥቂት ክንድ ርቆ በስተደቡብ የወደቀው ግን ቀበናን ይዞ ወደ አቃቂ፣ ከአቃቂም ወደ አዋሽ ይወርዳል። የእናታችን ጉድጓድ ያለው በደቡቡ ጎን ነው።

በዳገቱ የወረደው ዝናብ ሁሉ በላይ አይፈስም። ከፊሉ አፈሩ ውስጥ ይሰርጋል። ተራራው ከጥንት እሳተ ገሞራ የወጣ ድንጋይ ነው፤ ድንጋዩ ስንጥቅ አለው። ውሃው ስንጥቁን እየተከተለ በስተደቡብ ወደ አቃቂ ሜዳ ያዘነብላል። አዲስ አበባ ከለገዳዲና ከሌሎች ግድቦች ሌላ ከአቃቂ ጥልቅ ጉድጓዶችም ትጠጣለች። እንግዲህ እንጦጦ ላይ የሰረገ ውሃ ውሎ አድሮ በታችኛው ከተማ ብርጭቆ ውስጥ ሊገኝ ይችላል ማለት ነው።

አፈር ወንፊት ነው ይባላል። እውነት ነው፤ ግን ሁሉን የሚይዝ ወንፊት አይደለም። ወዳጃችን ቀይ አፈር በመዳፉ ዘግኖ እንዲህ ሲል አስረዳን፦ «የሸክላ አፈር ቅንጣት ላይዋ ነጌቲቭ ሙል አላት። እርሳስና መሰሎቹ ብረቶች ውሃ ውስጥ ፖዘቲቭ ሙል ስላላቸው ይሳቡና ይጣበቁባታል፤ ሩቅም አይሄዱም። ናይትሬት ግን እንደ ራሷ ነጌቲቭ ነው። አትይዘውም፤ ውሃው በሄደበት አብሮ ይሄዳል።» ናይትሬት የሚመጣው ደግሞ በአብዛኛው ከማዳበሪያ፣ ከከብት እበትና ከሰው መጸዳጃ ነው። ሽንትና ዓይነ ምድር ሲበሰብሱ በውስጣቸው ያለው ናይትሮጅን በመጀመሪያ አሞኒያ፣ ቀጥሎም በአፈር ተሕዋስያን አማካይነት ናይትሬት ይሆናል። ያን ጊዜ ሽታው ይጠፋል፤ መልክም የለውም። ያ ሁሉ የሚቀፍ ነገር እንደ ጠራ ውሃ ሆኖ ይወርዳል።

ይህን ስንሰማ ሁለታችንም ቁልቁል የእናታችንን ሰፈር ተመለከትን። አባታችን ጉድጓዱን ሲቆፍሩ ከግቢያችን በላይ ሣርና ባሕር ዛፍ ብቻ ነበር። አሁን እስከ ደኑ ጫፍ ድረስ ቤት በቤት ላይ ነው፤ የብዙዎቹም መጸዳጃ ጉድጓድ ነው። ከላይ የሠፈሩት ሰዎች ማንንም ለመጉዳት አስበው አልቆፈሩም። አባታችንም ሲቆፍሩ ይህ ይመጣል ብለው አላሰቡም።

በቀበና ዳር

በማግሥቱ ወንዙን ተከትለን ወረድን። ቀበና ከተራራው ሥር ሲነሣ ድንጋዩ የሚታይበት ጥሩ ውሃ ነው። ልጆች ሆነን ዐሱርን ከዳሩ ውዱእ አድርገን የሰገድንባቸው ቦታዎች አሉ። በቅርብ ዓመታት በወንዙ ዳር የተሠሩትን የእግር መንገዶችና ማረፊያዎችም በደስታ አየን። እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ የሆነው የወንዝ ዳር ልማት ዕቅድ ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የሚሸፍን ነው። ዳሩ ሲያምር ግን ውሃው ብቻውን አይጠራም፤ ወደ ውሃው የሚገባው ካልተያዘ በቀር።

ወደ ወንዝ የገባ ቆሻሻ በሦስት መንገድ ይጓዛል። አንደኛው እንደ ጨው ሟሙቶ ይሄዳል፤ ናይትሬትና ሳሙና እንዲህ ናቸው። ሁለተኛው ከደለል ጋር ተጣብቆ ይንከባለላል፤ ውሃው ሲዘገይ አብሮ ይቀመጣል፣ ጎርፍ ሲመጣ እንደገና ይነሣል፤ ብረቶቹ እንዲህ ናቸው። ሦስተኛው ላዩን ይንሳፈፋል፤ የተቃጠለ የሞተር ዘይት እንዲህ ነው። ዘይቱ ስስ ሆኖ ውሃውን ስለሚሸፍን ከአየር ኦክስጅን እንዳይገባ ይከላከላል።

ወንዝ ራሱን ያጠራል የሚባለውም ቢሆን ልክ አለው። የመጸዳጃ ፍሳሽና የምግብ ትራፊ ሲገባበት ተሕዋስያን ይበሉታል፤ ሲበሉት ግን በውሃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሳሉ። ጥቂት ከሆነ ውሃው ከድንጋይ ድንጋይ ሲዘል አየር እየሳበ ይተካዋል። ብዙ ከሆነ አይደርስበትም። ኦክስጅኑ ሲያልቅ ያለ አየር የሚኖሩ ሌሎች ተሕዋስያን ይተካሉ፤ ውሃው ይጠቁራል፤ የበሰበሰ እንቁላል የሚመስል ሽታ ያለው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይወጣል። ወደ ታች በወረድን ቁጥር ያየነውና ያሸተትነው ይህንኑ ነው። እዚህ ላይ ሦስቱ ምልክቶች በሙሉ ስለተለወጡ ማንም ኪታብ ሳይገልጥ ፍርዱን ያውቃል።

የታችኛው ጎረቤት

ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ በእግራችን ሳይሆን በካርታ ተከተልነው። ከእንጦጦ የሚወርዱት ወንዞች በትልቁና በትንሹ አቃቂ በኩል አልፈው አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባሉ። በመንገዳቸው የፋብሪካና የጋራዥ ፍሳሽ ይቀላቀላቸዋል፤ የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ክሮሚየም የሚባለውን ብረት ይይዛል። በዳርቻቸው በዚሁ ውሃ የሚጠጣ ጎመንና ሰላጣ ይበቅላል፤ አትክልቱም ተመልሶ ወደ ከተማው ገበያ ይወጣል። ግድቡ ውስጥ ውሃው ስለሚዘገይ ደለሉ ከነብረቱ ይቀመጣል። የሟሙት ናይትሬትና ፎስፌት ደግሞ ለእምቦጭ ማዳበሪያ ሆነው ውሃውን አረም ያለብሱታል።

ከአባ ሳሙኤል የሚወጣው ወደ አዋሽ ይገባል። አዋሽ ደግሞ እንደ ብዙዎቹ ወንዞች ባሕር የሚገባ አይደለም። በቆቃ፣ በወንጂ፣ በመተሐራ አድርጎ የአፋርን በረሃ አቋርጦ ጅቡቲ ጠረፍ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። ውሃው እየተነነ ያልቃል እንጂ መውጫ የለውም። ስለዚህ ከከተማችን የወጣ፣ የማይፈርስ ነገር ሁሉ ከመንገዱ በአንዱ ቦታ ይቀራል፤ በግድብ ደለል፣ በእርሻ አፈር ወይም በሐይቁ ዳር። በዚያ መንገድ ላይ ከወንዙ የሚጠጡ ከብቶች፣ የሚቀዱ እናቶች፣ ውዱእ የሚያደርጉ ሽማግሌዎች አሉ።

ጎረቤት ማለት ግድግዳ የሚያዋስነን ሰው ብቻ ይመስለን ነበር። ዲናችን በቆመ ውሃ ውስጥ መጸዳዳትን፣ የሰው መተላለፊያንና ጥላን ማቆሸሽን ሲከለክል ያስተማረን በኋላ የሚመጣውን፣ የማናውቀውን ሰው እንድናስብ ነው። የቀበና ሰው የታች ጎረቤት አለው፤ እርሱ ራሱም ከላይ ላለው የታች ጎረቤት ነው። የእናታችን ግቢም እንዲሁ።

ወደ ጉድጓዱ መመለስ

ከሰዓት በኋላ ወደ እናታችን ቤት ገባን። ወዳጃችን ከትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ የናይትሬት መመርመሪያ ወረቀት ይዞ መጥቶ ነበር። በብርጭቆ ከተቀዳው ውሃ ነከረው። ውሃው ጥርት ያለ፣ ብርጭቆው ውስጥ የሌለ የሚመስል ነው። ወረቀቱ ነጭ ነበር፤ ቀስ እያለ ሮዝ ሆነ፤ ከዚያም ጠቆረ። በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ መሠረት የመጠጥ ውሃ በሊትር ከ50 ሚሊ ግራም በላይ ናይትሬት ሊኖረው አይገባም። ወረቀቱ ከዚያ ምልክት አለፈ። ወዳጃችን ሁለት ጊዜ ደገመው፤ ያው ነው።

ናይትሬት ከሁሉ በላይ የሚያሰጋው ጡጦ የሚጠቡ፣ በተለይ ስድስት ወር ያልሞላቸው ሕፃናትን ነው። በሆዳቸው ውስጥ ወደ ናይትራይት ይለወጣል፤ ናይትራይቱ ደም ገብቶ ሄሞግሎቢን ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርገዋል። የሕፃኑ ከንፈርና ጥፍር ይሰማያዊ፣ ካልታወቀበትም ይሞታል። ይህን በሽታ ከጉድጓድ ውሃ ጋር ያገናኘው ሐንተር ኮምሊ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1945 ከአዮዋ ገጠር የመጡ ሕፃናትን መርምሮ ጻፈው። ማፍላት ደግሞ አያድንም። ማፍላት ተሕዋስያንን ይገድላል፤ ናይትሬት ግን አይተንም። ውሃው ሲተን እርሱ ይቀራል፤ ብዙ የፈላ ወጥ ጨው እንደሚጠነክረው ይጠነክራል። እናታችን ለልጅቷ ብለው በጥንቃቄ ባፈሉ ቁጥር የሸሹትን ነገር ያበዙት ነበር።

ይህን እንዴት እንንገራቸው? በአንድ በኩል የሦስት ወር ልጅ አለች። በሌላ በኩል የአባታችን ሰደቃ አለ። ተቀምጠን ከመጀመሪያው ጀምሮ አወራናቸው፤ ስለ ጢሱ፣ ስለ ቀይ አፈሩ፣ ከላይ ስለተሠሩት ቤቶች። መጨረሻ ላይ፣ «እማዬ፣ መድረሳ የተማርነው ልክ ነው። ውሃው ለውዱእ ይሆናል፤ ሶላትዎ ምንም አይሆንም። ለጦሃራ መሆኑና ለሕፃን ሆድ መሆኑ ግን ሁለት ጥያቄ ነው። ኪታቡ የመለሰው የመጀመሪያውን ነው። ሁለተኛውን ሐኪምና መርማሪ ጠይቁ ተብለናል» አልናቸው።

እናታችን ወረቀቱን ተቀብለው ለረጅም ጊዜ አዩት። ዝም አሉ። ሕፃኗ በጀርባቸው ተኝታለች።

«እኔ ነኝ ያጠጣኋት» አሉ በመጨረሻ።

«አልሐምዱሊላህ፣ ምንም አልሆነችም እማዬ። ነገ ጤና ጣቢያ እናሳያታለን።»

«አባታችሁ ያኔ ጎረቤት ሲጠሩ አስታውሳለሁ። ለሰው ይጠቅማል ብለው ነው የቆፈሩት። አሁን የሚጎዳ ነገር ካለው መናገሩ የኛ ነው እንጂ የማን ነው?» ብለው ነጠላቸውን አጣፉ። ሕፃኗን ለወንድማችን ሚስት ሰጥተው ወጡ። የት እንደሚሄዱ አልነገሩንም። ከመግሪብ በፊት ተመልሰው ሲመጡ፣ ከጉድጓዱ የሚቀዱትን ጨቅላ ያላቸውን ሁለት ቤቶችና አንዲት ነፍሰ ጡር ጎረቤት አነጋግረው እንደመጡ ሰማን።

ሕፃኗ በማግሥቱ ታየች፤ ደህና ናት። የሕፃኗን ውሃ ወንድማችን የቧንቧ ውሃ በሚመጣበት ፈረቃ በንጹሕ ጀሪካን ለይቶ ያጠራቅማል፤ እርሱም ፈልቶ ይሰጣታል።

አንባብያን ሆይ፣ በየግቢያችሁ ጉድጓድ ወይም ምንጭ ካለ ሦስት ነገር እንድታዩ እንለምናለን። ከመጸዳጃ ቢያንስ 30 ሜትር ይርቃል? መጸዳጃው ከውሃው በላይ ነው ወይስ በታች? በቤቱስ ጡጦ የሚጠባ ሕፃን አለ? የሚያጠራጥር ከሆነ ውሃውን አስመርምሩ፤ እስኪታወቅ ድረስ ለሕፃን አትስጡ። ከሰል ስታነዱ በር ክፈቱ። ከገበያ የመጣውን ሰላጣ በንጹሕ ውሃ ደጋግማችሁ እጠቡ። የተቃጠለ ዘይት ወደ ቱቦ አታፍስሱ፤ ቱቦው ወንዝ ውስጥ ነው የሚያበቃው።

የአባታችን ጉድጓድ አልተዘጋም። ባለፈው ሳምንት ስንሄድ የግቢው በር እንደ ወትሮው ክፍት ነበር። በጉድጓዱ ክዳን ላይ የልጅ ልጃቸው በነጭ ቀለም እንዲህ ብሎ ጽፎበታል፦ «ለልብስ፣ ለቤትና ለውዱእ። አይጠጣም፤ ለሕፃን አይሰጥም።» እናታችን በማንቆርቆሪያቸው ከርሱ ቀድተው ለዐሱር ውዱእ ሲያደርጉ ደረስን። ውሃውን ቀነስ አድርገው ነበር የሚያፈሱት።